ኮምፒውተርና ታብሌት በመማሪያ ክፍል፦ ተማሪዎች፣ ወላጆችና ትምህርት ቤቶች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ይህ ማብራሪያ ኮምፒውተር፣ ታብሌትና ዘመናዊ የእጅ ስልክ ለመማር ማስተማሩ ሥራ የሚሰጡትን ጥቅም፣ ጥቅሙ እውን እንዲሆን መሟላት ያለባቸውን ሁኔታዎችና ከወላጆችና ከተማሪዎች በተደጋጋሚ ለሚነሡ ጥያቄዎች የሚሰጠውን ምላሽ ይዟል። ነጥቦቹ በማንኛውም አካባቢ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የሚያገለግሉ ሲሆኑ፣ በምሳሌነት የተወሰደው የሰሜን ሸዋ ዞን፣ በተለይም የደብረ ብርሃን ከተማና የአንኮበር ወረዳ ሁኔታ ነው።

ሁለቱ አካባቢዎች የተመረጡት ተቀራርበው ሳለ የተለያየ ሁኔታ ስላላቸው ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ በ130 ኪሎ ሜትር ርቀት በዋናው የደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ ናት። አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢገኝም፣ ወረዳው ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ገደላማ መልክዓ ምድር ስላለው የኤሌክትሪክና የኔትወርክ አገልግሎት ለሁሉም ቀበሌ እኩል አይዳረስም። ይሁንና የደብረ ብርሃንም ሆነ የአንኮበር ተማሪ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ነው።

ጉዳዩ አሁን ለምን አስፈላጊ ሆነ?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ጎን ለጎን በበይነ መረብ ተሰጥቷል። በ2017 ዓ.ም. በበይነ መረብ የተፈተኑ ተማሪዎች ቁጥር ከመጀመሪያው ዓመት ከፍ ያለ ነበር። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም በኮምፒውተር የሚካሄድ ነው። በመሆኑም ኮምፒውተርን መጠቀም መቻል ለአይሲቲ ትምህርት ብቻ የሚያስፈልግ ክህሎት መሆኑ ቀርቶ፣ ተማሪው በሒሳብ፣ በፊዚክስ ወይም በታሪክ ያለውን ዕውቀት በፈተና ላይ ለማሳየት የሚያስፈልገው ቅድመ ሁኔታ እየሆነ መጥቷል።

ትምህርቱን በሚገባ ያወቀ ተማሪ ማውስ ይዞ የማያውቅ ከሆነ የፈተናውን ጊዜ ከመሣሪያው ጋር በመላመድ ያጠፋል። ይህ እንዳይሆን እያንዳንዱ ተማሪ ከፈተናው አስቀድሞ የሚከተሉትን ተለማምዶ ሊገኝ ይገባል፦

1. የመጠቀሚያ ስምና የይለፍ ቃል በትክክል መጻፍ፤ በተለይም ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል መለየት፤
2. በማውስ መልስ መምረጥ፣ የተመረጠውን መቀየርና ወደ ታለፈ ጥያቄ መመለስ፤
3. ረጅም የንባብ ምንባብ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ ማንበብ፤
4. በስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ወይም ግራፍ እየተመለከቱ ስሌቱን በወረቀት ላይ መሥራት፤
5. የቀረውን ጊዜ ከስክሪኑ ላይ እያዩ ሥራን መመጠን፤
6. መሣሪያው ቢቆም ወይም መብራት ቢጠፋ ምንም ሳይነካኩ ወዲያውኑ ለፈታኙ ማሳወቅ።

እነዚህ ክህሎቶች ረቂቅ አይደሉም፤ ነገር ግን በአንድ ቀን ገለጻ የሚያዙ ባለመሆናቸው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተደጋጋሚ ልምምድ ይፈልጋሉ።

ካለፉት ዓመታት ተሞክሮ ምን እንማራለን?

አገራችን ቴክኖሎጂን ወደ መማሪያ ክፍል ስታስገባ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት አማካይነት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀምሮ ነበር። በብዙዎች ዘንድ “ፕላዝማ” በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሥርዓት ብቁ መምህርና ቤተ ሙከራ ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ከከተማው ጋር እኩል የሆነ ትምህርት ለማድረስ የታለመ ነበር። የሳይንስ ሙከራዎችን በምስል ማሳየቱ ጠቃሚ ጎኑ ነበር። በአንጻሩ ሥርጭቱ ቀጥታ ስለነበር መምህሩ ሊያቆመው ወይም ሊደግመው አይችልም። መብራት ከጠፋ የዕለቱ ትምህርት ያመልጣል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይቀርብ ስለነበር ብዙ ተማሪዎች ለመከታተል ተቸግረዋል፤ መምህሩም ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን ተመልካች ሆኖ ያሳልፍ ነበር።

በ2000 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ “አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን” ከተሰኘው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የተገኙ ትንንሽ ላፕቶፖች በጥቂት የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ተሞክረዋል። ሕፃናቱ መሣሪያውን ቢወዱትም፣ ከመምህሩ የትምህርት ዕቅድ ጋር ባልተሳሰረበት ክፍል መምህራን ላፕቶፑን ትምህርት እንደሚያውክ መጫወቻ ይመለከቱት እንደነበር በወቅቱ የተደረገ ግምገማ አመልክቷል። ይኸው ፕሮጀክት በፔሩ ገጠር በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤትም ተመሳሳይ ነው። ለተማሪዎቹ የደረሰው የኮምፒውተር ቁጥር በብዙ እጥፍ ቢያድግም በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ላይ ለውጥ አልታየም።

በኬንያ ኪሱሙ አካባቢ የተካሄደ ሌላ ጥናት ሦስት አማራጮችን አነጻጽሯል። እነዚህም ለተማሪዎች የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ መስጠት፣ ለመምህራን ታብሌት መስጠትና ትምህርት ቤቶችን እየዞሩ መምህራንን ለሚደግፉ ባለሙያዎች ታብሌት መስጠት ናቸው። በተማሪዎቹ የንባብ ውጤት ረገድ በሦስቱ መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ከወጪ አንጻር ግን አዋጭ ሆኖ የተገኘው ሦስተኛው ነው። በእኛ አደረጃጀት ተመሳሳይ ኃላፊነት ያለባቸው የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘሮች ናቸው። ይህም የመሣሪያ አቅርቦት ውስን በሆነበት ወረዳ ቅድሚያ ለማን መሰጠት እንዳለበት የሚጠቁም ተሞክሮ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። መሣሪያው ለውጥ የሚያመጣው መምህሩ በዕቅዱ ውስጥ አስገብቶ ሲጠቀምበት፣ ትምህርቱ ሊቆምና ሊደገም ሲችልና መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ሥራው የማይቆምበት አማራጭ አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው።

ጥቂት ኮምፒውተሮችን ለብዙ ተማሪዎች ማዳረስ ይቻላል?

“ያሉን ኮምፒውተሮች ለተማሪዎቻችን አይበቁም” የሚለው አስተያየት በብዙ ትምህርት ቤቶች ይደመጣል። ቁጥሩ አነስተኛ መሆኑ እውነት ቢሆንም፣ ያለውን በትክክል መደልደል የሚያስገኘው ውጤት ከሚገመተው በላይ ነው። ለምሳሌ 600 ተማሪዎችና 20 የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንውሰድ። የኮምፒውተር ክፍሉ በቀን ለ6 ክፍለ ጊዜ፣ በሳምንት ለ5 ቀን ክፍት ቢሆን በሳምንት 600 የመጠቀሚያ ዕድሎች ይገኛሉ። ይህም ለእያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለብቻው ይደርሰዋል ማለት ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ በ30 የትምህርት ሳምንታት 20 ሰዓት ልምምድ ይሆናል። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ኮምፒውተር በጋራ ቢሠሩ ደግሞ ጊዜው እጥፍ ይሆናል።

ይኸው ክፍል መሣሪያው እንዳይበላሽ ወይም እንዳይሰረቅ በሚል ስጋት በሳምንት ለአንድ ቀን ብቻ ቢከፈት፣ ለአንድ ተማሪ የሚደርሰው በአምስት ሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። በመሆኑም የትምህርት ቤቱ አመራርና የወላጅ መምህር ኅብረት የኮምፒውተር ክፍሉን ጥበቃ በሚመለከት ሲወስኑ፣ ክፍሉ ተቆልፎ በመቆየቱ ተማሪዎች የሚያጡትንም ማስላት ይኖርባቸዋል። የሚከተሉት አሠራሮች ጥበቃውንና አገልግሎቱን ለማጣጣም ይረዳሉ፦

• በየሳምንቱ ለየትኛው ክፍል መቼ እንደሚከፈት የሚያሳይ ሰሌዳ በግልጽ ቦታ መለጠፍ፤
• ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ቁጥር ሰጥቶ ማን በየትኛው ሰዓት እንደተጠቀመበት መመዝገብ፤
• ከአይሲቲ መምህሩ በተጨማሪ ሌላ አንድ መምህር የክፍሉን ቁልፍ እንዲይዝ ማድረግ፤
• ፈጥነው የለመዱ ተማሪዎች ሌሎችን እንዲያለማምዱ መመደብ። ይህ አሠራር ፊደል የለየው ልጅ ታናሹን ከሚያስቆጥርበት ከቀደመው የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ለማኅበረሰቡ እንግዳ አይደለም፤
• ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሰጥ ልምምድ ሲታቀድ፣ በቤት ውስጥ ሥራ ወይም በመንገድ ርቀት ምክንያት ሊቆዩ የማይችሉ ተማሪዎች፣ በተለይም ሴት ተማሪዎች፣ በመደበኛው ሰዓት ቦታ እንዲያገኙ ማድረግ፤
• ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ሶፍትዌር መጫን። ኤንቪዲኤ የተባለው ሶፍትዌር በነፃ የሚገኝ ነው።

ኢንተርኔት በሌለበት አካባቢ ምን ማድረግ ይቻላል?

ትምህርት ቤቶች በኮቪድ-19 ምክንያት ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘጉበት ወቅት ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ለማድረስ ተሞክሯል። በዚያን ጊዜ በግልጽ የታየው፣ ቋሚ ኢንተርኔትን መሠረት ያደረገ አማራጭ ብቻውን የገጠሩን ተማሪ እንደማይደርሰው ነው። ስለሆነም በአንኮበር ቆላማ ቀበሌዎችና በመሰል ቦታዎች የሚገኙ ትምህርት ቤቶች ከወዲሁ ኢንተርኔት በማይፈልግ አሠራር ላይ ቢያተኩሩ የተሻለ ነው።

በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጁ የተማሪ መጻሕፍትና የመምህር መምሪያዎች በኤሌክትሮኒክ ቅጂ በነፃ ይገኛሉ። አንድ ሰው ኔትወርክ ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ካወረዳቸው በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ወደ ሌሎች ስልኮችና ኮምፒውተሮች ያለ ዳታ ወጪ ማስተላለፍ ይቻላል። ለደብረ ብርሃን ሥራ የሄደ ሱፐርቫይዘር ወይም መምህር ለመላው ጉድኝት የሚሆን ቅጂ ይዞ መመለስ ይችላል።

ከዚህ በተጨማሪ ለዚሁ ዓላማ የተሠሩ ነፃ ሶፍትዌሮች አሉ። ኮሊብሪ የተባለው ሶፍትዌር ቪዲዮዎችንና መልመጃዎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ፣ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ሌሎች ኮምፒውተሮችና ታብሌቶች በአነስተኛ የዋይፋይ ራውተር ያሰራጫል። ኪዊክስ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ፌት የተሰኙት የሳይንስና የሒሳብ ማስመሰያዎች ደግሞ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ዑደትን ወይም የኃይልና የእንቅስቃሴን ግንኙነት በስክሪን ላይ ለማሳየት ይጠቅማሉ። ከፕላዝማው ዘመን በተለየ መልኩ እነዚህን መምህሩ በፈለገው ቦታ ሊያቆማቸው፣ ሊደግማቸውና በአማርኛ ሊያብራራቸው ይችላል።

የተሻለ ኔትወርክ ያላቸው ተማሪዎችና መምህራን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ በተደረገው የ“አምስት ሚሊዮን ኮደርስ” መርሐ ግብር በመመዝገብ የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ሥልጠናዎችን በነፃ መከታተልና የምስክር ወረቀት ማግኘት ይችላሉ።

የመብራት አቅርቦትና የመሣሪያ አያያዝ

ላፕቶፕና ታብሌት ከዴስክቶፕ ኮምፒውተር በእጅጉ ያነሰ ኃይል ይጠቀማሉ፤ ባትሪ ስላላቸውም መብራት ሲቋረጥ ወዲያው አይጠፉም። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ወይም በፀሐይ ኃይል ብቻ በሚሠራ ትምህርት ቤት ምርጫው ወደ እነዚህ ቢያደላ ይመከራል።

የደጋው የአየር ጠባይም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በጣም የቀዘቀዘ ባትሪን ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ስለሚጎዳ ክፍሉ እስኪሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጉምና እርጥበት በሚበዛበት በአንኮበር ደጋማ ክፍል መሣሪያዎች ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ተሸፍነው ሊቀመጡ ይገባል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ጊዜ ሶኬት መንቀል፣ የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ባለበት ስታቢላይዘር መጠቀም፣ ለረጅም ዕረፍት የሚቀመጥ ላፕቶፕን ባትሪ ግማሽ ያህል ሞልቶ ማስቀመጥ የመሣሪያውን ዕድሜ ያራዝማሉ።

የእጅ ስልክ በክፍል ውስጥ

የእጅ ስልክ በትምህርት ሰዓት ሊኖረው ስለሚገባው ቦታ ወላጆች የተለያየ አስተያየት አላቸው። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዓለም አቀፍ የትምህርት ክትትል ሪፖርት ከአራት አገሮች አንዷ ያህል በትምህርት ቤት የዘመናዊ ስልክን አጠቃቀም በሕግ ወይም በመመሪያ እንደምትከለክል፣ ትኩረቱ በስልክ የተወሰደበት ተማሪም ወደ ትምህርቱ ተመልሶ ለመሰብሰብ እስከ 20 ደቂቃ ሊፈጅበት እንደሚችል ገልጿል። ይህ ጊዜ የአንድ ክፍለ ጊዜ ግማሽ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ስልክ በመምህሩ ዕቅድ ውስጥ ለተወሰነ ተግባር ካልተፈቀደ በስተቀር በትምህርት ሰዓት ከተማሪው እጅ መራቅ አለበት። ትምህርት ቤቱ ደንቡን ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር መክሮ በጽሑፍ ማውጣትና በዓመቱ መጀመሪያ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። መምህሩ ስልክ የሚያስፈልገው ሥራ ሲሰጥም ስልክ የሌላቸው ተማሪዎች ሥራውን በምን መንገድ እንደሚያከናውኑ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል። በቤት ውስጥ ደግሞ ወላጅ ስልኩን ለጥናት ሲሰጥ የሚከፈተውን መጽሐፍ ወይም መልመጃ መጠየቅና የማታ መጠቀሚያ ሰዓት መወሰን ይጠቅመዋል።

በብሔራዊ ፈተና ወቅት ስልክም ሆነ ሌላ የኤሌክትሮኒክ መገናኛ ይዞ መገኘት የተከለከለ ነው። በቴሌግራም “የፈተና መልስ አለን” በሚል ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አጭበርባሪዎች መሆናቸውን ተማሪዎች ሊገነዘቡ ይገባል።

የተማሪዎችን መረጃ መጠበቅ

የተማሪ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ ውጤትና የቤተሰብ ስልክ ቁጥር የግል መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የሚሰበስብና የሚጠቀም አካል ሊከተላቸው የሚገቡ ግዴታዎችን ደንግጓል። ትምህርት ቤቶች የተማሪዎችን ውጤት ከነሙሉ ስማቸው በግልጽ የቴሌግራም ገጽ ከመለጠፍ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድም የሕፃናትን ፎቶግራፍ ከማሰራጨት መቆጠብ አለባቸው። ተማሪዎች የይለፍ ቃላቸውን ለማንም፣ ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን፣ መስጠት የለባቸውም። በጋራ በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ ሥራቸውን ሲጨርሱ ከገጻቸው መውጣታቸውን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ለትምህርት ቤት መሣሪያ መለገስ ለሚፈልጉ

የቀድሞ ተማሪዎች፣ የአካባቢው ተወላጆችና በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተር ወይም ታብሌት ለመለገስ ሲያስቡ፣ ከግዢ በፊት ከትምህርት ቤቱና ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር መነጋገር ይጠቅማቸዋል። ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች የሚከተሉት ናቸው፦

1. ትምህርት ቤቱ ያለው የኤሌክትሪክ ምንጭ ምንድን ነው? መሣሪያዎቹንስ ይችላል?
2. መሣሪያውን በየትኛው የትምህርት ዓይነት፣ በሳምንት ለስንት ክፍለ ጊዜ ለመጠቀም ታቅዷል?
3. ኃላፊነት የሚወስደው መምህር ማን ነው? ሥልጠናስ ያስፈልገዋል?
4. ሲበላሽ የት ይጠገናል? መለዋወጫውስ በአቅራቢያ ይገኛል?
5. ሥርዓተ ትምህርቱን የተከተለ ይዘት ተጭኖበታል?

ከልገሳው በጀት የተወሰነውን ለሥልጠና፣ ለባትሪና ለጥገና መመደብ፣ ተጨማሪ መሣሪያ ከመግዛት የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ ብዙ ነው። ወደ አገር ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ከሆነ ስለ ቀረጥ አሠራሩ አስቀድሞ ከጉምሩክ ኮሚሽን መረጃ ማግኘት ያስፈልጋል።

ጥያቄና ቅሬታ ለማቅረብ

ልጃቸው በኮምፒውተር ክፍል የመጠቀም ዕድል እንዳላገኘ የሚያምኑ ወላጆች በቅድሚያ የክፍሉን የመጠቀሚያ ሰሌዳ ከርዕሰ መምህሩ ሊጠይቁ ይችላሉ። በቂ ምላሽ ካላገኙ ጉዳዩን ለወላጅ መምህር ኅብረት፣ ቀጥሎም ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያቀርባሉ። የአንኮበር ወረዳ ነዋሪዎች ይህን የሚያገኙት በወረዳው ዋና ከተማ በጎረቤላ ነው። በዚህ ደረጃ ያልተፈታ ጉዳይ ደብረ ብርሃን ለሚገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ትምህርት መምሪያ ይቀርባል፤ የደብረ ብርሃን ከተማ ነዋሪዎች ግን የሚያመለክቱት ለከተማ አስተዳደሩ ትምህርት መምሪያ ነው። ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ የአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ ነው።

አቤቱታ በጽሑፍ ሲቀርብ የትምህርት ቤቱ ስም፣ የተማሪው ክፍልና የተጠየቀው አገልግሎት በግልጽ መጠቀስ አለባቸው። አቅራቢው ቀንና ፊርማ ያለበት ቅጂ ለራሱ ማስቀረት ይኖርበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባንና የፈተናውን አሰጣጥ የሚመለከቱ ጥያቄዎች በትምህርት ቤቱ በኩል ለትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይቀርባሉ። የፈተናው ቦታና ዓይነት፣ ማለትም በወረቀት ወይም በበይነ መረብ መሆኑ፣ በየዓመቱ በአገልግሎቱ ስለሚገለጽ ተማሪዎች ከመደበኛ ምንጭ ብቻ መረጃ እንዲወስዱ ይመከራል።

በዚህ ዓመት 9ኛ ክፍል የገባ ተማሪ ለብሔራዊ ፈተናው ለመዘጋጀት አራት የትምህርት ዓመታት አሉት። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ቢለማመድ እንኳ ለፈተና ሲቀርብ ወደ 80 ሰዓት የሚጠጋ ልምድ ይኖረዋል። የልምምዱ ፕሮግራም በእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከዓመቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ጀምሮ በሥራ ላይ መዋሉን ወላጆች፣ የወላጅ መምህር ኅብረቶችና የትምህርት አመራሮች በጋራ እንዲከታተሉ ይጠበቃል።